የሠላሳ በመቶ ጉም

እፀገነት ለራሷ የተላኩትን ሽማግሌ ከአውሮፕላን አስወረደች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ማሳመሪያ የለውም።

አቶ ሀብተ ማርያም እፀገነትን ሊያገባ የሚፈልገው የቶማስ አጎት ናቸው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት ወስደው ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ዓርብ ጠዋት ዶሃ ደርሰው፣ ከቅዳሴ በኋላ አል አዚዚያ የእፀገነት አክስት ቤት ገብተው «ልጅዎን ለልጃችን» ሊሉ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተው፣ ኩታቸውን አስተካክለው፣ ቀበቶው እንዴት እንደሚታሰር ከጎናቸው የተቀመጠችውን ሴት ጠይቀው፣ በስተመጨረሻ ተመቻችተው ሳለ አንዲት አስተናጋጅ መጣችና «አባት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሊወርዱ ነው» አለቻቸው። ምን አጠፋሁ ቢሉ «ነዳጅ ስለተጨመረ ነው» ተባሉ።

ነዳጁን ያስጨመረችው ዶሃ ቢሮዋ የተቀመጠችው እፀገነት ናት። ንጋት ላይ ጉም ይኖራል ተብሎ ነበር። አልመጣም።

ፀሐይዋ ወጥታ የቢሮው መስታወት ላይ ስታርፍ እፀገነት ስክሪኑን ትታ ውጭ ውጭውን ታይ ነበር። ከማኮብኮቢያው ማዶ ያሉት መብራቶች አንድ በአንድ ይለያሉ። የባሕሩ ጠርዝ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል። ጉም ይውጠዋል ያለችው ጠዋት ታጥቦ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ቁልጭ ብሏል።

ሥራዋ ዲስፓቸርነት ነው። አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት በየት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ስንት ነዳጅ እንደሚጭን፣ የሚሄድበት ቦታ ማረፍ ባይችል ወዴት እንደሚዞር አስልታ ትፈርማለች። ለዚህ ሥራ ሁለት ነገር ታነባለች። አንደኛው ሜታር ይባላል፤ በየግማሽ ሰዓቱ እየወጣ አሁን ያለውን አየር ይናገራል። ሁለተኛው ታፍ ይባላል፤ ሊመጣ የሚችለውን ይናገራል። አንዱ ምስክር ነው፣ ሌላው ግምት። እሷ ደመወዝ የሚከፈላት በምስክሩና በግምቱ መካከል ስለምትቆም ነው።

ሐሙስ ምሽት ታፉ ለዶሃ ንጋት ሠላሳ በመቶ የጉም ዕድል ሰጠ። የኩባንያው ደንብ ሠላሳ በመቶን ችላ ማለት ይፈቅዳል፤ ችላ የሚለውም ብዙ ነው። እፀገነት ግን ተከታትለው የወጡትን ሜታሮች አየች። ነፋሱ ሞቷል። የአየሩ ሙቀት ጤዛ ወደሚጥልበት ልክ በየጊዜው እየወረደ ነው። የጥር ጉም ዶሃን ሲይዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጎረቤት ባሕሬንንም አብሮ ይይዛል። ስለዚህ ዶሃ ማረፍ ያቃተው አውሮፕላን ባሕሬን ሄዶ ያርፋል ብሎ ማቀድ ከሚጨስ ክፍል ወደሚጨስ ሌላ ክፍል እንደ መሸሽ ሆኖ ታያት። ሙስካት ሰማዩ ጥሩ ነበር። ሙስካት ግን ሩቅ ነው፤ ሩቅ ማለት ነዳጅ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ አውሮፕላን የፈለገውን ያህል ተሸክሞ አይነሳባትም። ነዳጅ ከገባ ሌላ ነገር ይወጣል። መጀመሪያ ጭነቱ ወጣ። አልበቃም። ከዚያ ቦታ ሲተርፍ ብቻ በሚያስኬደው የሠራተኛ ቲኬት የሚሳፈሩት እንዲቀሩ ተወሰነ። አዲስ አበባ ያሉት ሠራተኞች «ከከፈሉት የሚቀር ሰው አይጠፋም» ብለው አሳፈሯቸው፤ የቀረ ሰው አልነበረም፤ አወረዷቸው።

አቶ ሀብተ ማርያም የያዙት የሠራተኛ ቲኬት ነው። የሰጠቻቸው እፀገነት ናት። ቶማስ «እኔ እገዛለታለሁ» ሲል «ነፃ ቲኬት እያለኝ ለምን ገንዘብ ታባክናለህ!» ብላ የከለከለችውም እሷ ናት።

«አሁንም እያየሽው ነው?» አለች ሐናን፣ ሥራውን ልትረከብ ቦርሳዋን እያስቀመጠች። የጅማ ልጅ ናት፤ ከእፀገነት ጋር አንድ ጠረጴዛ በፈረቃ ይካፈላሉ። «ሰማይ ነው እኮ፣ አይሸሽም።»

«ሜታሩን አየሽው?»

«አየሁት። ዛሬ ከዚህ ሆኖ ሳዑዲ ይታያል። ኸላስ፣ ሂጂና ተኚ።»

«የሰሜኑ ነፋስ ነው። ሸማሉ ለቀትር ነበር የተባለው፤ ንጋት ላይ ተነሳና ጉሙን ከለከለው።»

«እኔም ብሆን ሙስካትን ነበር የማደርገው።»

«እውነትሽን ነው?»

ሐናን ትንሽ አሰበች። «አይ፣ ባሕሬንን አደርግ ነበር» አለች። «ግን እስኪያርፍ ድረስ ጥፍሬን ስበላ ነው የማድረው።» ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «ሽማግሌዋን ከአውሮፕላን ያወረደች ሙሽራ ግን፣ ወላሂ፣ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

እፀገነት መሳቅ አልቻለችም። ስልኳን አወጣች። ቶማስ የሠራተኞች አውቶቡስ ሾፌር ነው። ከዓመት በፊት ከኋላው መቀመጥ ስትጀምር በመስታወቱ ያያት ነበር፤ እሷም እንደሚያያት ታውቅ ነበር፤ ሁለቱም መንገድ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ምን እንደምትሠራ የሰማ ዕለት የራሱን የአየር ሁኔታ ሪፖርት ይልክላት ጀመር። «ኮርኒሽ ላይ አቧራ። የሾፌሩ ልብ ከፊል ደመናማ» ብሎ ይጽፋል። «የደመናው ከፍታ ስንት ነው?» ብላ ትመልሳለች። «ጉሮሮ ድረስ።» እንዲህ እያሉ ነው የተዋደዱት፤ ከዚህ የበለጠ ታሪክ የለውም።

የዛሬው ሪፖርት ጎህ ሲቀድ የገባ ነው። «ሰማይ ንጹሕ። ጉም የሚባል የለም። ሾፌሩ ሱፍ ለብሷል። አጎቴ አረፈ?»

እፀገነት መልስ ጽፋ አጠፋች፤ ጽፋ አጠፋች። አቶ ሀብተ ማርያም «ሌሊት የሰው ልጅ አልቀሰቅስም» ብለው ነግቶ እስኪደውሉ ድረስ ቶማስ ምንም አላወቀም። ሲደውሉለት ሌላ መልእክት መጣ። «አጎቴ ነገረኝ። ውጭ እጠብቅሻለሁ።»

ደመና የለበትም፣ ቀልድ የለበትም። ከእሱ የመጣ እንዲህ ያለ ደረቅ ዓረፍተ ነገር አንብባ አታውቅም።

*

ቶማስ መኪናው አጠገብ ቆሟል። መኪናው ኡም ጉዋይሊና ሰፈር አንድ ክፍል የሚጋራው የጓደኛው የፈለቀ ነው። ሱፉም የፈለቀ ነው፤ እጅጌው አጥሮበታል። እፀገነት ከሩቅ ስታየው፣ ይህን ሁሉ ጥፋት ይዛ እየመጣች እንኳ፣ እንዴት ያምራል ብላ አሰበች።

«ቶሚ።»

«ግቢ።»

«ቆይ፣ ላስረዳህ።»

«ግቢ እሺ፤ አክስትሽ ይጠብቃሉ። ከሁለታችን ወገን ቢያንስ አንዱ ይድረስ።»

መንዳት ጀመረ። ሥራ ላይ እንዳለ ሁሉ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ፍጥነቱን ሳያሳልፍ፣ ጎማው ጉድጓድ እንዳይነካ እየተጠነቀቀ። እሷ ከጎኑ ናት። ከጎን ሲኮን መስታወት የለም፤ ዓይኑን የምታይበት ቦታ አጣች።

«ነዳጁን ማን ነው ያስጨመረው?» አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«እኔ።»

«ሲጨመር ሰው እንደሚወርድ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ማን እንደሚወርድስ?»

«አውቅ ነበር፣ ቶማስ። ሠላሳ በመቶ ጉም ይመጣል ተብሎ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ሰው ያላመነውን ነገር ሲሰማ እንደሚነቀንቀው። «ሠላሳ በመቶ ይመጣል ማለት ሰባ በመቶ አይመጣም ማለት ነው አይደል? ሾፌር ብሆንም መቀነስ አላቃተኝም። ሰባውን ትተሽ ሠላሳውን የያዝሽው ለምንድን ነው?»

«ሥራዬ ነው።»

«ሥራሽ ነው ወይስ ማምለጫሽ?»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ባለፈው ሳምንት ‹ቀኑን ብንገፋውስ› ያልሺኝ አንቺ ነሽ።»

«አክስቴ ፊቷ ስለጠቆረ ነው! ትንሽ ይብረድላት ብዬ ነው።»

«እኔ ግን ሌላ ነው የገባኝ። ዝም አልኩ። ዛሬ ደግሞ ሙሉውን ነገርሺኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በእኔ አፍረሻል፣ እፁ። በአፍሽ ማለት ስላቃተሽ በነዳጅ አልሺው።»

እፀገነት ትዕግሥት የሚባል ነገር ብዙ አልተሰጣትም፤ ያላትም ሌሊቱን አልቋል። «የሞኝ ነገር አትናገረኝ! ከመቶ በላይ ሰው ነው የተሳፈረው። ዶሃ ቢዘጋ፣ ባሕሬን ቢዘጋ፣ ነዳጃቸው ሰማይ ላይ ቢያልቅ፣ ‹አይዟችሁ፣ ሰባ በመቶው የእናንተ ነበር› ልበላቸው?»

«አላለቀባቸውማ! የታለ ጉሙ? አሳዪኝ!» አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ በፊት መስታወቱ ወደ ውጭ ዘረጋው። «ይኸውልሽ፤ እኔ እስካሁን የማየው ፀሐይ ነው።»

ጉም ቢመጣ ኖሮ ዛሬ አስተዋይ ትባል ነበር። ስላልመጣ ከሃዲ ሆነች። ሐሙስ ምሽት የሠራችው ሥራ ግን በሁለቱም በኩል ያው አንድ ነው፤ አንድ ቁጥር እንኳ አይቀየርም። ይህን ለሐናን ብትነግራት በግማሽ ቃል ይገባት ነበር። እንዲገባት የምትፈልገው ሰው ግን ሐናን አልነበረችም።

አል አዚዚያ ሲደርሱ ቶማስ ከአክስቷ ቤት ፊት ለፊት አቆመ። እንዲህ ባለ ቀን ልጅ ጠያቂው ቤት አይገባም፤ ወግ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ገብተው እሱ ውጭ ነው የሚቀረው። ዛሬ ሽማግሌ የለም። እሱ ግን ወጉን ጠብቆ ውጭ ቀረ። እፀገነት ከመኪናው ስትወርድ ይህ ነገር ከስድብ ይልቅ አንገበገባት።

*

እትዬ ሸዋረጋ ለእንግዶቹ ያዘጋጀችው ሁሉ እንዳለ ነው። የጾም ወጦቹ ተከድነዋል። ትልቁ ወንበር ከመስኮቱ ርቆ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። እትዬ ሸዋረጋ የእፀገነት እናት ታላቅ እህት ናት። መዲናት ኸሊፋ አንድ ቪላ ውስጥ ለብዙ ዓመት በሠራተኝነት አገልግላ፣ ኋላ ከቀድሞ ማዳሟ ጋር ሆና የውበት ሳሎን ከፍታለች። ደብረ ብርሃን ያለችው የእፀገነት እናት «ሸዋረጋ ካለች እኔ አለሁ» ስላለች ሽማግሌ የምትቀበለው እሷ ናት። ለቶማስ ስታስጠነቅቀው ደግሞ «የሾፌር ጓደኞችህን ሰብስበህ እንዳትመጣብኝ፤ የሚታፈር ሰው አምጣ» ብላዋለች። አጎቱ ከአዲስ አበባ እንዲመጡ የተደረገው ለዚህ ነው።

«ነይ እፁዬ» አለች አክስቷ። ፊቷ በርቷል። «ከቤተ ክርስቲያን የተጠሩት ሁለቱ ሰዎች ደወሉ። ዋናው ከአውሮፕላን ስለወረዱ ብቻችንን አንገባም አሉ።»

«እትዬ፣ ይቅርታ...»

«ነዳጅ ነው አሉ።» እትዬ ሸዋረጋ ፈገግ አለች፤ ቀረብ ብላ ጉንጯን ሳመቻት። «ብልህ ልጅ! ሳትጣዪ፣ ሳትሰድቢ፣ ማንንም ሳታስቀይሚ። እኔ እንኳ ይሄ አይመጣልኝም።»

እፀገነት ባለችበት ቆመች። «ሆን ብዬ አይደለም።»

«እሺ፣ አይደለም።»

«እትዬ፣ እየነገርኩሽ ነው። ጉም...»

«ለእኔ መማል የለብሽም። እኔ የማዳምን ደረጃ በጉልበቴ ተንበርክኬ ስወለውል የነበረው አንቺ ቢሮ ተቀምጠሽ ሰማይ እንድታዢ ነው። ሾፌር እንድታገቢ አይደለም።»

«ሠርቶ ነው የሚበላው።»

«እኔም ሠርቼ ነው የበላሁት። ሠርቶ መብላትና መድረስ ግን አንድ አይደለም፣ ልጄ። እኔ አላውቅም እንዴ?» ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ክፋት ቢኖርበት ይቀል ነበር።

አንዱ ውጭ ቆሞ ሆን ብለሽ ነው ይላታል። አንዷ ውስጥ ሆና ሆን ብለሽ ነው ትላታለች። አንዱ በቁጣ፣ ሌላዋ በምርቃት። እፀገነት ምርቃቱ የበለጠ እንደሚያም ያወቀችው ያን ጊዜ ነው፤ ጉንጯ ላይ የተሳመችበት ቦታ ያቃጥላት ጀመር።

በሩ ተንኳኳ። ስትከፍተው ቶማስ ነው። ደፍ ላይ አልቆመም፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ፊቷን ሳያይ ስልኩን ሰጣት።

«አጎቴ ነው፣ በቪዲዮ። ‹ቤቱ አስገቡኝ› እያለ ነው።»

«እንዴት ነው የሚገቡት?»

«እንጃ። አልቀመጥም ብሎ እንደ ቆመ ነው። እኔ አቅቶኛል፤ አንቺ አናግሪው።»

እፀገነት ስልኩን አየች። አቶ ሀብተ ማርያም አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አዳራሽ ውስጥ ኩታቸውን እንደ ደረቡ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ሻንጣ የሚጎትት ሰው ያልፋል ያገድማል።

«ልጄ፣ አስገቢኝ» አሏት።

ምን ታድርግ? አስገባቻቸው። በታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ይኑር አይኑር እንጃ፤ ሙሽራዋ ሽማግሌዋን በመዳፏ ይዛ ወደ ሳሎን ገባች። በሩን ሳትዘጋው ቀረች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እትዬ ሸዋረጋ።

«ሽማግሌ ነው።»

«በስልክ?»

«ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ እንደምን አደሩ» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ይቅርታዎን፤ አመጣጤ አላማረም። ቆሜ ነው ያለሁት። መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም። እዚህ ያለው ጥበቃ ሁለቴ ‹አባት ይቀመጡ› አለኝ፤ ነገሩ አልገባውም።»

እትዬ ሸዋረጋ ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌ ቆሞ እሷ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ሳታስበው ብድግ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። ስልክ ፊት መቆሟ የታወቃት ከቆመች በኋላ ነው።

«አባቴ፣ እኔ ቀን ሰጥቻለሁ። ቀኑ ዛሬ ነበር» አለች። «ሽማግሌ ደግሞ ደጅ ድረስ ይመጣል እንጂ እንደ ዜና በስልክ አይታይም።»

«እውነትዎን ነው። እኔም ልመጣ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ይፍቀዱልኝና ልጅቱን አንድ ነገር ልጠይቃት።»

እትዬ ሸዋረጋ እጇን በአየር ላይ ወዘወዘች፤ ጠይቁ ማለቷ ነው።

«ልጄ።»

«አቤት፣ አባባ።»

«ያወረድሺኝ አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«እኔን ጠልተሽ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ልጄን ጠልተሽው ነው?»

በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። በክፍተቱ የአንድ ጥቁር ጫማ ጫፍ ይታያል። ጫማው አልተንቀሳቀሰም።

«አይደለም» አለች እፀገነት።

«እንግዲያው አንድ ነገር አልገባኝም። መውረዱ አይደለም ያስከፋኝ። እኔ ከአውቶቡስም፣ ከበቅሎም ወርጄ አውቃለሁ። ይሄ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ኩታዬን ደርቤ፣ እንደ ሌባ በመተላለፊያው መሐል መመለሴ ነው። ምሽቱን ‹አባባ፣ ዛሬ አይምጡ› ብለሽ አንድ ጊዜ ብትደውዪ ቤቴ አድር ነበር። ለምን አልደወልሽም?»

እፀገነት ለሁሉም ጥያቄ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ስለ ሙስካት፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ሸማሉ። ለዚህኛው አላዘጋጀችም። ወለሉን አየች፤ ነጩን ወንበር አየች፤ የበሩን ክፍተት አየች።

«ልደውል ቁጥርዎን አውጥቼ ነበር» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ብደውል ድምፅዎን እሰማለሁ። እርስዎ ደግሞ አይቆጡም፤ ‹እሺ ልጄ፣ ግን እስቲ አንድ ጊዜ እዪልኝ› ነው የሚሉኝ። ያን ጊዜ አይልዎታለሁ። ባሕሬን ብዬ ብጽፍ ማንም አይጠይቀኝም፤ ደንቡ ይፈቅድልኛል። ነዳጁን እቀንስ ነበር፣ አባባ። ያ ሁሉ ሰው ተሳፍሮ እቀንስ ነበር።» ድምፅዋን ወደ በሩ ከፍ አደረገች። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ለእሱ ብዬ ነው። እንደምቀንስ ስላወቅሁ ነው ያልደወልኩት። ለእሱም ያልደወልኩት ለዚሁ ነው።»

ከስልኩ ውስጥ የሆነ በረራ ተሳፋሪዎች ወደ በሩ እንዲሄዱ ሲጠሩ ይሰማል።

«ነገም ጉም አለ ቢሉሽስ?» አሉ አቶ ሀብተ ማርያም።

«አወርድዎታለሁ።»

«ትደውያለሽ ግን?»

«እደውላለሁ። ከፈረምኩ በኋላ።»

ሽማግሌው ሳቁ። የሳቃቸው ድምፅ ትልቅ ነው፤ ጥበቃው እንደገና ወደ እሳቸው ሲዞር በስልኩ ይታያል። በበሩ በኩል ያለው ጫማ ጠፋ፤ በቦታው የቶማስ ፊት መጣ። እፀገነትን አያት። መስታወት አልነበረም፣ መንገድ የሚያይ መምሰልም አልነበረም። ዓይኑ ሞልቶ ሊፈስ ነው፤ ሊደብቀውም አልሞከረም። ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ስታነብ ያደረች ሴት የእሱን ፊት ማንበብ ምንም አልቸገራትም።

«ይሄ ሁሉ ደግ ነው» አለች እትዬ ሸዋረጋ፣ እንደ ቆመች። «አነጋገሯም ያምራል፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ሁለተኛ ቀን ግን እዚህ ቤት የለም። እኔ እናቷን ተክቼ ነው ያለሁት፤ እናቷን ተክቼ አልሰጠሁም።»

አቶ ሀብተ ማርያም ባርኔጣቸውን አዟዟሩ።

እፀገነት ግን ስልኩን ወደ ፊቷ አቀረበችው።

«አባባ» አለች፣ «እናቴ ደብረ ብርሃን ናት።»

«እፀገነት!»

«እርስዎ ደግሞ አዲስ አበባ ነዎት። አሁን አውቶቡስ ቢይዙ ለምሳ ይደርሳሉ።»

አቶ ሀብተ ማርያም ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አሰቡ። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ። «አላወረድሺኝም ማለት ነው እንግዲህ» አሉ። «እዚያው ትክክለኛው አገር ተውሺኝ እንጂ። ደብረ ብርሃን ጉም የለም?»

«ሁልጊዜ አለ። ለአውቶቡስ ግን እኔ አልፈርምም።»

«እንግዲያው መቆሜ ጥሩ ሆነ። ከሰፈሬ ሁለት ሰው ይዤ እሄዳለሁ። ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አልተቀያየምንም፤ እግዜር ያክብርልኝ።» ስልኩ ጠፋ።

እትዬ ሸዋረጋ አልጮኸችም። ሄዳ ከነጩ ወንበር ላይ ጨርቁን አነሳችና ማጠፍ ጀመረች። ጫፍና ጫፉን አገጣጥማ፣ አንዴ፣ እንደገና፣ አንድም ሽብሽብ ሳታስቀር፤ ሰው ቤት የለመደችው አስተጣጠፍ ነው።

«እናትሽ እምቢ አትልም» አለች ጀርባዋን እንደ ሰጠች። «በሕይወቷ ማንንም እምቢ ብላ አታውቅም። በዚህ የተነሳ ስንት ነገር እንዳለፈባት አንቺ አታውቂም። በእሷ ቦታ እኔ የተቀመጥኩት ለዚህ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ዘለልሺኝ።»

«አዎ፣ ዘለልኩሽ።»

ይቅርታ ማለት ትችል ነበር። ይቅርታ ብትል ግን ነገሩን መልሺው ትባላለች፤ መመለስ ደግሞ አትፈልግም። ሄዳ ጉልበቷን መሳም አማራት፤ ብታደርገው እዚያው ወለሉ ላይ እንደምትቀር አወቀች።

«ወዴት ነው?» አለች አክስቷ፣ የእግሯን ኮቴ ሰምታ።

«ቶማስ ውጭ ቆሟል።»

«ገብቶ ይብላ አልልም።»

«አላልኩሽም።»

እትዬ ሸዋረጋ አልዞረችም። የታጠፈውን ጨርቅ ደረቷ ላይ ይዛ መስኮቱን ትመለከት ነበር። እፀገነት ጫማዋን አጠለቀች። ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ፣ እኩል ሆነው ሲመጡ ምን እንደሚባል አታውቅም፤ ለማወቅም አልቆመችም። ቶማስ እንድታልፍ ከበሩ ፈቀቅ አለ። ወጣች፤ እጀታውን ከኋላዋ ሳበችና በሩን ዘጋችው።